ሳይቀመጡበት ስለሚታዘዝ ወንበር

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ
ለግዥ ክፍል
ለንብረት ክፍል
ጎንደር

ግልባጭ፦ ወንበር ላይ ለሚውል ሁሉ

ጉዳዩ፦ «ከእንግዲህ የእንጨት ወንበር አይገዛም» የተባለውን ውሳኔ ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፣

ሰላምታችን ይድረስዎ። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ ላይ አልጻፍነውም። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኛም እናውቀዋለን። ሌላው አንባቢ ስሙ ቢቀርበት ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲህ ያለ ወንበር እሱም ከሚሄድበት ቢሮ አይጠፋም።

እኛ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ በአንድ ሼድ ውስጥ የምንሠራ 11 አናጢዎች ነን። አምና ሰኔ 240 ወንበር ሠርተን ያስረከብናችሁ እኛው ነን። ባለፈው ሳምንት ማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የአካባቢው አናጢዎች የሠሯቸው ወንበሮች «ምቾት የሌላቸውና የማይበረክቱ» ሆነው ስለተገኙ፣ ከእንግዲህ የሚገዛው የብረትና የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ነው ይላል። ወረቀቱን ያየው ጉዳይ ሊያስፈጽም የሄደ የሼዳችን ልጅ ነው። ቆሞ አነበበው። አጠገቡ ባዶ ወንበር ነበር። አልተቀመጠም። ወንበሩን ያውቀዋላ!

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። ወንበሮቹ አይመቹም። ይነቃነቃሉ። የተሰበሩም አሉ። በዚህ ከእናንተ ጋር ክርክር የለንም፤ እንዲያውም ከእናንተ በፊት እኛ አውቀነዋል። ክርክራችን ሌላ ነው። ጥፋቱ የእንጨቱ ነው፣ የአናጢው ነው ተባለ። ወንበሩን ወረቀት ላይ የሣለውስ?

ወረቀቱ እጃችን ላይ አለ። ስፔኩ፣ የወንበሩ ልክና ዓይነት የታዘዘበት ወረቀት፣ እንዲህ ይላል። መቀመጫው ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር። ጥልቀቱ 50። ጠቅላላ ቁመቱ 100። መደገፊያው 90 ዲግሪ፣ ቀጥ ያለ። መቀመጫው ጠፍጣፋ። እንጨቱ ዋንዛ። ቨርኒሽ የተቀባ።

50፣ 50፣ 100። ቁጥሩ ያምራል። ለመደመርም ይቀላል። ሰው ግን እንዲህ ክብ ቁጥር ሆኖ አልተፈጠረም።

ከቁመቱ እንጀምር። ወንበር የሚለካው ከሰው እግር ነው። ተቀመጡና ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ከወለሉ እስከ ቋንጃችሁ ለኩ። እኛ ሼድ ውስጥ ያለነውን ሁሉ ለካን። የረጅሙ 46 መጣ። የኔ 42። ቡና የምታፈላልን እህታችን 38። 50 የሞላ አንድም ሰው አላገኘንም። ስለዚህ ለብዙ ሰው የሚሆን ወንበር ሲሠራ ከ40 እስከ 45 ባለው ውስጥ ይሠራል። 50 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚቀመጥ ሰው እግሩ ይንጠለጠላል። እግር ሲንጠለጠል ክብደቱ ወደ ጭን ይመጣል። የመቀመጫው ጠርዝ ጭንን ከሥር ይጫነዋል፤ ደምሥሩንም ነርቩንም ይይዛል። ብዙም ሳይቆይ እግር ይደነዝዛል። ሰውየው መሬት ለመርገጥ ወደ ጠርዙ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ደግሞ መደገፊያው ይርቀዋል።

ኅዳር ላይ የመጋዘናችሁን በር ልንጠግን መጥተን ነበር። ኮሪደሩ ላይ ከደንቢያ የመጡ አንድ አባት ከጠዋት ጀምሮ ተራ ይጠብቃሉ። አጠር ያሉ ሰው ናቸው። እግራቸው ወለሉን አይነካም። መጀመሪያ ወደ ግራ ዞሩ። ከዚያ ወደ ቀኝ። ዱላቸውን መሬት ላይ አጋድመው ሊረግጡት ሞከሩ፤ ተንከባለለባቸው። በመጨረሻ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወለሉ ላይ አነጠፉና ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ጥበቃው መጣ። «አባቴ፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ እንጂ!» አላቸው። ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ እሱ ነው እኔ ላይ የተቀመጠው» አሉት።

ሳቅን። ቀጥሎ ወንበሩ የእጃችን ሥራ መሆኑ ትዝ አለንና ሳቁ ጠፋ። ይህ ደብዳቤ ያን ቀን መጻፍ ነበረበት።

መዝገብ ቤት ያለችው እህታችንስ? እሷ እንኳ ዘዴ ፈጥራለች። የፎቶ ኮፒ ወረቀት የሚመጣበትን ካርቶን ከጠረጴዛው ሥር አስገብታ እግሯን ታሳርፍበታለች። ካርቶኑ ከመክረሙ የተነሳ ላዩ ጎድጉዶ የሁለት ጫማ ቅርጽ አውጥቷል። ቢሮው ውስጥ ለሰው ልክ የተሠራ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ጥልቀቱም ያው ነው። ሰው ጀርባውን አስደግፎ ሲቀመጥ፣ በመቀመጫው ጠርዝና በቋንጃው መካከል ሁለት ሦስት ጣት መግባት አለበት። ለዚህ 40፣ ቢበዛ 43 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። 50 ሲሆን ጠርዙ ቋንጃን ይወጋል። ወይ መደገፊያውን ትተዋለህ፣ ወይ ቋንጃህን ታስወጋለህ።

መደገፊያውን በተመለከተ አምና ከኮሚቴው አንዱ ያሉንን አንረሳውም። ትንሽ ጋደል ይበል ብለን ስንለምን፣ «ቀጥ ያለ ወንበር ሰውን ሥርዓት ያስይዛል» አሉን። ኧረ ተዉ! ጎንደር ላይ ስለ መቆም እንኳ ሥርዓት አለ። የአቋቋም አገር ነው። መሪጌታው ሌሊቱን ቆሞ ያድራል። ግን እሱም መቋሚያ አለው። መቋሚያውንም እንዳገኘ አይዝም፤ ለቁመቱ የሚሆነውን መርጦ ነው የሚደገፈው። ለቆመ ሰው ይህን ያህል ከታሰበ ለተቀመጠው ምን አደረጋችሁ?

ሰው ሲቀመጥ ወገቡ ወደ ኋላ ይጎብጣል። የመደገፊያ ዋና ሥራ ያንን ወገብ መያዝ ነው። ትከሻ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ መደገፊያ ከመቀመጫው ወደ 100 ወይም 105 ዲግሪ ጋደል ይላል፤ ወገብ በሚያርፍበት ከፍታ ላይ አንድ ጎበጥ ያለ አግዳሚ ይኖረዋል፤ ከሥሩ ደግሞ የሰው መቀመጫ ወደ ኋላ ገባ የሚልበት ክፍተት ይተዋል። በእናንተ ስፔክ መደገፊያው ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ ሳንቃ ነው። መቀመጫ ወደ ኋላ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ሰውየው ወደፊት ይገፋል። ከዚያ ወገቡ ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል። በ90 ዲግሪ ላይ ግድግዳ ተደግፎ እንደተቀጣ ተማሪ መሆን ነው።

«መቀመጫው ጠፍጣፋ ይሁን» የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እዚህ ላይ የምናውቀው ነገር አለን።

አንድ ሰሞን ሥራ ቀዘቀዘብን። ቁጭ ብለን ከምንውል ብለን አንድ ሳንቃ ላይ ጭቃ መረግን፤ በላዩ ላስቲክ ዘረጋንና ተራ በተራ ተቀመጥንበት። ሰፈሩ በሙሉ ስቆብናል። አንዲት እናት «ምነው፣ እንቁላል ልትታቀፉ ነው?» ብለውናል። ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ላስቲኩን ስንገልጥ ያየነው ግን አያስቅም። ሁለት ጉድጓድ። በመካከላቸው ጉብ ያለ ነገር። ወደ ፊት ሁለት ቦይ፣ የጭን። ጉድጓዶቹ የሁለት አጥንቶች ናቸው። ስንቀመጥ አብዛኛው ክብደት እነሱ ላይ ያርፋል። የወፍራሙንም የቀጭኑንም ሰው ጉድጓድ በሜትር ለካናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከጠበቅነው በጣም ያነሰ ነው የሚለያየው።

ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ እነዚያ ሁለት አጥንቶች ብቻቸውን ይሠቃያሉ። ሳንቃው አንድ ወይም አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ጎድጎድ ቢልላቸው ግን ክብደቱ ወደ ዙሪያው ይበተናል። የፊት ጠርዙ ደግሞ በመላጊያ ክብ ቢደረግ ጭን አይቆረጥም። ስፖንጅም ቆዳም አያስፈልግም። መሮና መላጊያ፣ ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት። ለአንድ ወንበር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በጨረታው ዋጋ ግን ያ ግማሽ ቀን የለም።

ይህን ደግሞ እኛ አልፈጠርነውም። እናቴ ቤት አንድ በርጩማ አለ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው። መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ፣ ሦስት እግር ያለው። ከመቀመጥ ብዛት መሀሉ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። እናቴ እሱ ላይ ቁጭ ብላ ቡናውን ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ አቦል ቶና በረካ ታደርሳለች። ወገቤን ብላ አታውቅም። እግሯ መሬት ይረግጣል፤ ወዲያ ወዲህም ትላለች። ሦስት እግር መሆኑም ያለ ነገር አይደለም። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም፤ ሦስቱም ምንጊዜም መሬት ይነካሉ። አራት እግር ያለው ግን ወለሉ ከተዛባ አንዱ እግሩ አየር ላይ ይቀራል። ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ወንበሩ ይወዛወዛል፤ መጋጠሚያው እየላላ ይሄዳል። የኮሪደራችሁን ሴራሚክ አይታችሁታል? ሊማሊሞ ነው።

በርጩማ ግዙ እያልን አይደለም፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ከበርጩማ ላይ ማን ያነሣቸዋል? የእንጨት መቀመጫ አይመችም መባሉ ነው ያናደደን።

አሁን ወደ ትልቁ ቅሬታችን እንምጣ። ወሩ።

በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ይህን እናንተም ታውቃላችሁ፣ ሻጩም ያውቃል፣ አናጢውም ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ትዝ ያላለው ቢሮ ግንቦት ሲገባ ይባንናል። ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ሩጫ ይጀመራል። ጨረታው ግንቦት መጨረሻ ይወጣል። ውሉ ሰኔ ላይ ይፈረማል። ለ240 ወንበር የተሰጠን 15 ቀን ነበር።

ሰኔ ደግሞ ጎንደር ላይ ዝናብ ነው። እንጨቱ ከላይ ዝናብ ይመታዋል፣ ከውስጡም ገና ውኃውን አልጨረሰም። አዲስ የተቆረጠ እንጨት የክብደቱን ግማሽና ከዚያም በላይ ውኃ ሊይዝ ይችላል። የቤት ዕቃ የሚሆነው 10 ወይም 12 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው። የድሮ አናጢዎች ሳንቃን ጥላ ሥር፣ በመካከሉ መለያያ እንጨት እያደረጉ ይደረድሩና አየር እንዲያገኘው ይተዉታል። ልማዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ሳንቃ አንድ ዓመት ያህል ነው። እኛ የነበረን 15 ቀን። ያውም ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዶፍ።

እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ አያጥርም ማለት ይቻላል። በወርዱ ነው የሚጠበው። ወንበር ላይ ደግሞ መጋጠሚያ ሁሉ አንዱ እንጨት በቁመቱ፣ ሌላው በወርዱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። በሰኔ ወንዴውን (የአንዱን እንጨት ምላስ) ሴቴው (የሌላው ጉድጓድ) ውስጥ በመዶሻ እየመታን አስገባነው። ጥብቅ ብሎ ገባ። ደስ ብሎን ነበር። ዝናቡ መስከረም ላይ ቆመ። ጥቅምት ነፋሱ መጣ። ጥር ላይ፣ ጥምቀት ሰሞን፣ አየሩ ደረቅ ብሏል። ወንዴው ቀጠነ። ኮላው ተሰነጠቀ። አንድ ወንበር ገልብጬ መጋጠሚያውን ባየው የጥፍሬ ጫፍ ገባ። ሰኔ ላይ ወረቀት አያስገባም ነበር።

ምስማሩም እንደዚያው። መቀመጫው ሲደርቅ ሳሳ፣ ምስማሩ ግን ባለበት ቀረ። ስለዚህ ጭንቅላቱ ወጣ። ለገና ማግሥት ጉዳይ ልታስፈጽም የመጣች አንዲት ወጣት አዲስ የጥበብ ቀሚሷን ያ ምስማር ከኋላ እስከ ታች ተረተረው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። ያየው ጥበቃችሁ ነው የነገረን። ምስማሩን በድንጋይ መትቶ እንደመለሰውም ነግሮናል። በሳምንቱ ተመልሶ ወጥቷል። ስብሰባ ላይ ከነወንበራቸው ወደ ኋላ የወደቁትን ሰው ታሪክ ደግሞ ከተማው ሁሉ አውርቶታል። ክንዳቸው ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ግን ለሁለት ሳምንት ፒያሳን አቋርጠን መሄድ አፍረን ነበር።

ስለ እንጨቱ ዓይነትም አንድ ነገር እንበል። ስፔኩ ዋንዛ ይላል። ዋንዛ ጥሩ እንጨት ነው። ቀለል ይላል፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ ሲደርቅም አያስቸግርም። ግን ዋንዛ እንደ ልብ የሚቆረጥ ዛፍ አይደለም፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ጨረታውን ያሸነፍነው ደግሞ በዝቅተኛ ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ የሚገዛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ጠንካራ ነው፣ አጥርም ጣሪያም ይሆናል፤ ሳይደርቅ ከተሠራበት ግን ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ዋንዛ ታዝዞ የባሕር ዛፍ ዋጋ ሲከፈል ምን እንደሚመጣ ለማወቅ አናጢ መሆን አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት አንደብቅም። መቀመጫውን ከዋንዛ፣ እግሩን ከባሕር ዛፍ ሠርተን በአንድ ቨርኒሽ አመሳስለነዋል። ኮላና ወንዴ ሴቴ በሚያስፈልገው ቦታ ምስማር መትተናል። «አይሆንም፣ በዚህ ቀንና በዚህ ዋጋ ወንበር አይወጣም» ማለት ነበረብን። አላልንም። የሼዱ ኪራይ ነበረብን። ይህን የምንጽፈው ምሕረት ፈልገን አይደለም፤ ደብዳቤው የአንድ ወገን ጩኸት ብቻ እንዳይሆን ነው።

ያም ሆኖ የርክክቡን ቀን እናስታውሳችሁ። ሰኔ 28። ወንበሮቹን በአይሱዙ ጭነን አመጣን። ዝናብ ነበር። ከተረካቢ ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ወጡ። አንደኛው ቆጠሩ። ሁለተኛው ቨርኒሹን በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱት። ሦስተኛው በሜትር ለኩ፤ 50፣ 50፣ 100፣ ትክክል። ሰነዱን የሚፈርሙበት ጠረጴዛ ስላልነበረ አንዱን ወንበር ጠረጴዛ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ፈረሙ። ሞዴል 19፣ የዕቃ መረከቢያው ደረሰኝ፣ ተቆረጠልን። ከ240 ወንበር አንዱ ላይ እንኳ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እኔም ልቀመጥ አሰብኩና ጨርሰው እስኪፈርሙ ብዬ ተውኩት።

በቅሎ የሚገዛ ሰው ወገቧን ዳብሶ፣ ጥርሷን አይቶ፣ ተቀምጦባት ነው የሚገዛ። ወንበርን ያህል ነገር፣ ሥራው መቀመጫ መሆን ብቻ የሆነን ነገር፣ ሳይቀመጡ መግዛት ከየት የመጣ ነው?

አሁን ይገዛል ስለተባለው የብረትና የፕላስቲክ ወንበር ብዙ አንልም። የሚመች ካገኛችሁ እሰየው። ግን በስንት ቁመት? በምን ጥልቀት? ማስታወቂያው ላይ ያለው የዕቃው ዓይነት ነው፤ የሰው ልክ የለበትም። ያው 50 በ50 ከመጣ ብረትም ሆነ ፕላስቲክ እግርን ያንጠለጥላል። የጎንደር ጠዋት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ኅዳር ላይ ብረት ወንበር ላይ መቀመጥ ከበረዶ ጋር መማከር ነው። ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ ይጣላል እንጂ አይጠገንም። የእንጨት ወንበር እግሩ ቢሰበር አንድ አናጢ በአንድ ጠዋት ይተካዋል።

እንጨት ኋላ ቀር ነው የሚል ካለ ደግሞ ይህን ይስማ። ቶኔት የሚባል ቪየና የሚኖር ጀርመናዊ አናጢ በ1859 አንድ የካፌ ወንበር ሠራ፤ ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እንጨቱን በእንፋሎት እያለሰለሰ ያጎብጠው ነበር። ወንበሩ 6 እንጨት፣ 10 ብሎንና 2 ዳዶ ብቻ ነው። ተፈታቶ ሲታሸግ 36 ወንበር አንድ ሜትር ኩብ በሆነ ሣጥን ውስጥ ይገባል። በሚሊዮን ተሸጧል፣ ዛሬም ይሠራል። ቴክኒክና ሙያ የተማረው ልጃችን ነው ይህን ያመጣልን። እኛ ያንን እንሠራለን አላልንም። የእንጨት ወንበር የሚበላሸው እንጨት ስለሆነ እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

አንድ ነገር ሠርተን ልናሳያችሁም ሞክረናል። ከተጣሉት ወንበሮች አንዱን ንብረት ክፍሉን አስፈቅደን ወደ ሼዳችን ወሰድነው። የፊት እግሮቹን 7 ሳንቲ ሜትር ቆረጥን። የኋላዎቹን 9። በቃ፣ በመጋዝ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ። ቁመቱ 43 ሆነ። የኋላው በ2 ሳንቲ ሜትር ስላነሰ ደግሞ መቀመጫውም መደገፊያውም አንድ ላይ ወደ ኋላ ጋደል አሉ። የፊት ጠርዙን በመላጊያ አከበብነው። መደገፊያው ላይ ወገብ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ጎበጥ ያለ አግዳሚ ጨመርን፤ እሱ ወደ ፊት 4 ሳንቲ ሜትር ስለወጣ ጥልቀቱን ቀነሰው፣ ከሥሩም ክፍተት ተረፈ። መጋጠሚያውን ፈትተን እንጨቱ አሁን ደርቋልና ስስ ሽብልቅ ጨምረን በኮላ መልሰን አጠበቅነው። ቡና የምታፈላልን እህታችን ተቀመጠችበት። እግሯ መሬት ነካ ለማለት ትንሽ ይቀረዋል፤ እሷ 38 ናት። ለዚህ ነው ሁለት ቁመት ያስፈልጋል የምንለው።

የመዝገብ ቤቷ ነገር ግን በመጋዝ አያልቅም። የእሷን ወንበር ዝቅ ብናደርገው ጠረጴዛው ደረቷ ላይ ይመጣል። ለእሷ የሚሻለው ተዳፋት ያለው የእግር ማሳረፊያ ነው። ሠርተነዋል። ሼዱ ውስጥ አለ፣ ሰው ልካችሁ ውሰዱት። ክፍያ የለውም። ካርቶኑን አሳርፉት።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው።

ውሳኔው ይቆየን። እስከ መጪው ጥር ብቻ። ለዘለዓለም ከኛ ግዙ አላልንም።

የተጣለው ወንበር ጓሯችሁ ውስጥ ከሰማይ በታች ተደርድሯል። ክረምቱ ሊገባ ነው። ዛሬ ነገ ሳትሉ ወደ ጣሪያ ሥር አስገቡልን። አንዴ ውኃ ከጠጣ እኛም አናድነውም። የቀሩትን ወንበሮች እንዳሳየነው አድርገን እናስተካክላለን። የጉልበት አንጠይቅም፤ የኛም እጅ አለበትና። ኮላውን፣ የብርጭቆ ወረቀቱንና ቨርኒሹን እናንተ ቻሉ።

ወንበር ከእንግዲህ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ይታዘዝ። በጀቱ ሐምሌ ላይ ከጸደቀ እስከ ግንቦት የሚያስጠብቀው ነገር ምን እንደሆነ አልገባንም። ለሥራው ቢያንስ ሦስት ወር ይሰጠን። የእንጨቱን መግዣ ቅድሚያ ክፍያ ከተሰጠን ደግሞ ሳንቃውን ቀድመን ገዝተን እናደርቃለን።

ስፔክ ሲወጣ አንድ አናጢ ይጠየቅ። ከኛ ባይሆንም ከሌላ ሼድ። ቁመቱ ለሁለት ይከፈል፤ ጥቂቱ 38፣ የቀረው 43። መደገፊያው ይጋደል። እንጨቱ ዋንዛ ከሆነ የዋንዛ ዋጋ ይያዝለት፤ ካልተቻለ ደርቆ የተሠራ ግራቪሊያ ይሁን ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ከጨረታው በፊት እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ናሙና ያምጣ። ናሙናው ንብረት ክፍል ውስጥ አይቆለፍበት። ኮሪደሩ ላይ ሦስት ቀን ይቀመጥ። ባለጉዳይ ይቀመጥበት። የትኛው ወንበር መጀመሪያ እንደሚያዝ ጥበቃው ያያል፤ ከኮሚቴው በላይ ያውቃል። የፕላስቲክም የብረትም ናሙና አብሮ ይቀመጥ፣ አንፈራም።

ተረካቢ ኮሚቴው ሲረከብ ተቀምጦ ይረከብ። ሞዴል 19 የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ይሁን።

ያስተካከልነው ወንበር ሼዱ በር ላይ ነው። ከቅዳሜ ገበያ ወደ ውስጥ ስትገቡ የመጋዝ ድምፅ ወደሚሰማበት ታጠፉ። ከሰኔ በፊት በማንኛውም ቀን ብትመጡ እንገኛለን። ኮሚቴው ቢመጣ ደስ ይለናል፤ የደንቢያው አባት መቼ እንደሚቀጠሩ ብትነግሩን ደግሞ ወንበሩን ተሸክመን እኛው እናመጣላቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር

በ11 አናጢዎች ስም
የሼዱ ማኅበር ሰብሳቢ
አናጢ
ጎንደር፣ ግንቦት